ከኮድ መዝገብ ወደ ጥለት፦ የሶፍትዌር ሥራ ታሪክን በአመንጪ ሥነ ጥበብ ማየት

(ለሕዝብ ክፍት ሆኖ በዱከም ከተማ ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ። የቃል ንግግሩ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል።)



የዛሬው ንግግሬ በሁለት ሙያዎች ድንበር ላይ የቆመ ነው። በአንድ ወገን ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች በየዕለቱ የሚተዉት የሥራ መዝገብ አለ። በሌላው ወገን ደግሞ ሠዓሊው እያንዳንዱን መስመር በእጁ ከመሳል ይልቅ መስመሩን የሚያወጣውን ደንብ የሚደነግግበት፣ እኔ «አመንጪ ሥነ ጥበብ» ብዬ የምጠራው ዘርፍ አለ። የመጀመሪያው ለሁለተኛው ጥሬ ዕቃ ሊሆን ይችላልን? ቢሆንስ የሚወጣው ሥዕል ስለ ሠሪዎቹ እውነቱን ይነግረናል ወይስ ያታልለናል? የምመረምረው ይህንን ነው። የኢትዮጵያ ብዬ ካልገለጽሁ በቀር፣ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ጉዳዩን ዱከም ላይ ማንሣት ተገቢ ይመስለኛል። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 37 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ይህች ከተማ የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን መቀመጫ ናት፤ ሁዋጂያን የተባለው የጫማ ፋብሪካም በ2012 ምርት የጀመረው እዚሁ ነው። በፋብሪካ የሚውል ሰው ሥራ እንደሚቈጠር ከማንም በላይ ያውቃል። የሶፍትዌር ሠራተኛውም ሥራ ይቈጠራል። ልዩነቱ፣ የእርሱ መዝገብ ሌላ ሰው ቆሞ የሚሞላው ሳይሆን ከሥራው ጋር አብሮ የሚወለድ መሆኑ ነው።

መዝገቡ ምን ይዟል?

ዛሬ አብዛኛው ሶፍትዌር የሚሠራው «ጊት» በተባለ የታሪክ መያዣ ሥርዓት ነው። ጊትን በሚያዝያ 2005 የሠራው ሊነስ ቶርቫልድስ ሲሆን፣ ዓላማውም በዓለም ዙሪያ የተበተኑ ሰዎች በሊነክስ ከርነል ላይ የሚያደርጉትን ለውጥ ማስተባበር ነበር። አንድ ሰው በኮዱ ላይ ያደረገውን ለውጥ መዝግቦ ሲያጸና፣ ያ መዝገብ «ኮሚት» ይባላል። እያንዳንዱ ኮሚት የሚይዘው መረጃ ጥቂት ነው፦ የጸሐፊው ስምና ኢሜይል፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ ሰዓቱ የተወሰደበት የሰዓት ቀጣና፣ የቀዳሚው ኮሚት መለያ፣ የፋይሎቹ ሁኔታ፣ በመጨረሻም ጸሐፊው ስለ ለውጡ የጻፋት አጭር መልእክት። ከዚህ ሁሉ ተሰልቶ 40 ቁምፊ ያለው መለያ ይወጣለታል። ሁለት ኮሚቶችን በማነጻጸርም የትኛው መስመር እንደ ተጨመረ፣ የትኛው እንደ ተሰረዘ ይታወቃል።

የብራና መጻሕፍትን የመረመረ ሰው በዚህ አይደነቅም። ቁም ጸሐፊ ሲሳሳት ብራናውን ይፍቃል፤ የዘለለውን ቃል በመስመሮች መካከል ወይም በኅዳጉ ያስገባል፤ በመጨረሻም ስሙን ጠቅሶ ጸሎት ይለምናል። ያወቀ ዐይን ከፍቀቱና ከኅዳጉ የመጽሐፉን ሕይወት ያነብባል። ጊት የሚለየው የተፋቀውንም ቃል ጠብቆ በማኖሩ ነው፤ የመዝገቡ ባለቤት ሆን ብሎ ታሪኩን ካልለወጠው በቀር። በሌላ በኩል የአንድምታ ትርጓሜ «አንድም» እያለ የተለያዩ ፍቺዎችን ጎን ለጎን እንደሚያቈይ ሁሉ፣ ጊትም አንድን ሥራ በብዙ ቅርንጫፎች ያቈያል። ቅርንጫፎቹ ሲዋሐዱና ሲጋጩ ግን የሶፍትዌር ሠራተኛው የአንድምታው ሊቅ የማይገደድበት ምርጫ ይጠብቀዋል፤ የትኛው ቃል እንደሚጸና መወሰን አለበት። እንግዲህ መዝገቡ ደረቅ ቢመስልም ማመንታት፣ መጋጨት፣ መታረቅና መተው አለበት። ሥዕል የሚፈልገው ጥሬ ዕቃም ይኸው ነው።

ከጥገና መሣሪያ ወደ ሥዕል

የኮድን ታሪክ በዐይን ለማየት የተደረገው ሙከራ ከጊት ይቀድማል። በ1992 በቤል ላብስ ስቲቨን ኤይክና ባልደረቦቹ «ሲሶፍት» የተባለ መሣሪያ አቀረቡ። እያንዳንዱን የኮድ መስመር ወደ ቀጭን የቀለም ጭረት በማሳነስ እስከ 50,000 መስመር በአንድ ጊዜ በማያ ገጽ ላይ አሳዩ። በቅርቡ የተነካው መስመር ቀይ፣ ለረጅም ጊዜ ያልተነካው ሰማያዊ ሆነ። ዓላማቸው ጥገና እንጂ ጥበብ አልነበረም፤ ቀይ የበዛበት ስፍራ ገና ያልረጋ ስፍራ ነውና።

በ2003 ፈርናንዳ ቪዬጋስና ማርቲን ዋተንበርግ በአይ.ቢ.ኤም. ሳሉ «ሂስትሪ ፍሎው» የተባለውን አሠራር ለዊኪፒዲያ ጽሑፎች ሠሩ። የእያንዳንዱ ጸሐፊ ድርሻ ባለ ቀለም ጅረት ሆኖ ከአንዱ እትም ወደ ሌላው ይፈስሳል። ስለ ቸኮላት በሚናገረው ገጽ ላይ አንዱ ጸሐፊ የሚያስገባውን ሐሳብ ሌላው እየሰረዘ፣ ያኛው መልሶ እያስገባ ሲመላለሱ፣ ግጭታቸው በሥዕሉ ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ ወጣ ገባ የሚል መስመር ሆኖ ታየ። ማንም «ጠብን ሣል» ብሎ አላዘዘም፤ ጠቡ ራሱ ቅርጽ ያዘ። የዚህ ጥበብ ኀይል ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ የመጡት ሁለት ሥራዎች ወደ ሥነ ጥበብ ይበልጥ ያዘነበሉ ናቸው። በ2008 ማይክል ኦጋዋ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ዴቪስ፣ «ኮድ ስዋርም»ን ሠራ። በዚህ ተንቀሳቃሽ ምስል እያንዳንዱ ፋይል የብርሃን ነጥብ ነው፤ ነጥቡ የነካውን ሰው ስም ከብቦ ይዞራል፤ ካልተነካ ይደበዝዛል። የፓይተን ቋንቋ ታሪክ በዚህ መልክ ሲታይ በመጀመሪያ በጣት የሚቈጠሩ ስሞች ብቻ ናቸው፤ በኋላ ሰማዩ በስም ይሞላል። በ2009 ደግሞ አንድሩ ኮድዌል ያወጣው «ጎርስ» የፋይሎቹን አደረጃጀት እያደገ የሚሄድ ዛፍ አድርጎ ያሳያል፤ ሠራተኞቹ በቅርንጫፎቹ መካከል እየተዘዋወሩ ብርሃን ይወረውራሉ።

በዚያው በ2009 ቤን ፍራይ የቻርልስ ዳርዊንን «የዝርያዎች አመጣጥ» ስድስት እትሞች በአንድ ገጽ ላይ አዋህዶ፣ ከእትም እትም የተጨመረውን በየቀለሙ አሳየ። ብዙ ሰው የመጽሐፉ የመጀመሪያ ሐሳብ አድርጎ የሚጠቅሰው «የብቁው ኗሪነት» የሚለው አነጋገር የገባው በአምስተኛው እትም መሆኑ በዚህ ሥራ በዐይን ይታያል። ፍራይ ከኬሲ ሪስ ጋር በ2001 «ፕሮሰሲንግ» የተባለውን የሠዓሊዎች የኮድ መጻፊያ የጀመረ ሰው ነው፤ ኮድ ስዋርምም የተጻፈው በዚሁ ነው።

ደንብ የሚሥል ሠዓሊ

አመንጪ ሥነ ጥበብ ከእነዚህ ሁሉ ይቀድማል። ጊኦርግ ኒስ በየካቲት 1965 በሽቱትጋርት ኮምፒውተር ያወጣቸውን ሥዕሎች ለእይታ አቀረበ፤ በዚያው ዓመት ፍሪደር ናከ በጀርመን፣ ማይክል ኖል በኒው ዮርክ ተመሳሳይ ትርኢት አሳዩ። የኒስ «ሾተር» የተባለው ሥራ፣ ትርጓሜው «ጠጠር» ነው፣ በወርድ 12 በቁመት 22 የሆኑ አራት ማዕዘኖችን የያዘ ነው። ከላይ የተሰደሩት ማዕዘኖች ወደ ታች በወረዱ ቍጥር እየተዛነፉና እየተበተኑ ይሄዳሉ። ኒስ የእያንዳንዱን ማዕዘን ዝንፈት አልመረጠም፤ «በወረድህ መጠን የዕጣው ስፋት ይጨምር» የሚለውን ደንብ ብቻ ደነገገ። ዕጣው የቀረውን ሠራ።

እኔ ከተማሪዎቼ ጋር የምሠራበት መንገድ ከዚህ በአንድ ነገር ብቻ ይለያል። በዕጣው ስፍራ መዝገቡን እናስገባለን። ማዕዘኑን የሚያዛንፈው የዘፈቀደ ቍጥር ሳይሆን፣ አንድ ሰው በአንድ ሌሊት የሰረዛቸው መስመሮች ብዛት ነው። እንዲህ ሲሆን ዝንፈቱ ምክንያት ያገኛል፤ ተመልካቹም «ይህ ስለምን ተዛነፈ?» ብሎ ለመጠየቅ መብት ያገኛል።

ይህ አስተሳሰብ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ሸማኔ ጥለት ሲጥል በእያንዳንዱ ማግ ላይ ስንት የድር ክር ማንሣት፣ ስንት መተው እንዳለበት ይቈጥራል። የሚያስታውሰው ሥዕሉን ሳይሆን ቈጠራውን ነው፤ ሥዕሉ ከቈጠራው ይወጣል። በአውሮፓም በ1804 የዣካር መሸመኛ ይህንን ቈጠራ በተበሳ ካርቶን ላይ አሰፈረው፤ የተበሳው ካርቶን በኋላ የኮምፒውተር መመገቢያ ሆነ። በብራና መጻሕፍታችን ራስጌ የሚታየው ሐረግም እንዲሁ ነው፤ ጥቂት ባለ ቀለም ጥብጣቦች «ከላይ እለፍ፣ ከታች እለፍ» በሚል ደንብ እየተጠላለፉ ገጹን ይሞላሉ። ሮን ኤግላሽ በ1999 ስለ አፍሪካ ፍራክታሎች ባሳተመው መጽሐፍ የኢትዮጵያን መስቀሎች ከደንብ የሚወለድ ቅርጽ ምሳሌ አድርጎ ያነሣቸዋል።

በዘመናችን ደግሞ ኤልያስ ስሜ አለ። ኤልያስ በ1968 በአዲስ አበባ የተወለደ፣ ከመስከረም አሰግድ ጋር በ2019 ለሕዝብ የተከፈተውን የዞማ ሙዚየምን ያቋቋመ ሠዓሊ ነው። ከ2009 ጀምሮ በሚያወጣቸው ሥራዎቹ ከመርካቶ የተሰበሰቡ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችን እየገመደ፣ የተጣሉ የኮምፒውተር ሰሌዳዎችንና የፊደል ቍልፎችን እየሰደረ ከሩቅ ሲታዩ መልክዓ ምድር የሚመስሉ ሰፋፊ ገበታዎች ይሠራል። ኤልያስ የወሰደው የኮምፒውተሩን ሥጋ ነው፤ ስንት ሰው የጻፈበት ቍልፍ በገበታው ላይ ዝም ብሎ ተቀምጧል። እኛ የምንወስደው የኮምፒውተሩን ትዝታ ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ጥያቄ አንድ ነው፤ ከመሣሪያው ጀርባ የነበረው እጅ የት ሄደ?

ፊደልን ወደ ክር

አሁን አሠራሩን በዝርዝር ላሳያችሁ። የግእዝ ፊደል በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ዓለም አቀፍ የቍጥር ስፍራ አገኘ። «ሀ» ቍጥሯ 4608 ነው። እያንዳንዱ የፊደል ቤት ስምንት ስፍራ ስለተሰጠው «ለ» 4616 ላይ ትጀምራለች፤ የቀሩትም እንዲሁ። ከዚህ የተነሣ ቀላል ስሌት ይገኛል። ከፊደሉ ቍጥር 4608 ቀንሰን ቀሪውን ለ8 ብናካፍለው፣ ድርሻው ፊደሉ የማን ቤት እንደሆነ፣ ትራፊው ደግሞ ስንተኛ ድምፅ እንደሆነ ይነግረናል። ትራፊው 0 ከሆነ ግዕዝ፣ 1 ካዕብ፣ 2 ሣልስ እያለ እስከ 6፣ እስከ ሳብዕ ይደርሳል።

ተማሪዎቼ የኮሚት መልእክታቸውን በአማርኛ እንዲጽፉ አደርጋለሁ። ለሰባቱ ድምፆች ሰባት የክር ቀለሞች እንመድባለን። «ስህተት ታረመ» የሚለው መልእክት 5፣ 5፣ 0፣ 5 ከዚያም 3፣ 0፣ 0 ይሆናል። ለምሳሌ «ታ» 4723 ነው፤ 4608 ሲቀነስ 115፤ 115 ለ8 ሲካፈል 14 ደርሶ 3 ይተርፋል፤ 3 ራብዕ ነው። እያንዳንዱ ኮሚት አንድ ማግ ሆኖ በድሩ ላይ ይገባል። የማጉ ውፍረት የተለወጡት መስመሮች ብዛት ነው፤ ብዛቱንም በሎጋሪዝም እናሳንሰዋለን፤ ያለዚያ 10,000 መስመር የነካ አንድ ኮሚት አንድ መስመር ያረሙትን ሁሉ ይውጣቸዋል። ሁለት ቅርንጫፎች የተዋሐዱበት ስፍራ ሁለት ድሮች የሚጠላለፉበት ቋጠሮ ነው።

በዚህ አሠራር ግን አንድ ትምህርት የሚሰጥ ነገር አለ። «ተጨመረ» የሚለውን ቃል አስሉት፤ 0፣ 0፣ 0፣ 0 ነው። «ተሰረዘ» የሚለውንም አስሉት፤ 0፣ 0፣ 0፣ 0 ነው። ተቃራኒ የሆኑት ሁለት ሥራዎች አንድ ዓይነት ክር ሆኑ! ምክንያቱ ሰዋስው ነው፤ ሦስት ግዕዝ ፊደላት ያሉት ግስ «ተ» ተጨምሮበት በኀላፊ ጊዜ ሲነገር ሁሉም ፊደሎቹ ግዕዝ ሆነው ይቀራሉ። ሥዕሉ ያማረ ይሆናል፤ ግን መገንባትንና ማፍረስን አይለይም። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው፣ ትራፊውን ለቀለም፣ ድርሻውን ለቀለሙ ድምቀት መስጠት፤ ያን ጊዜ «ጨመረ» እና «ሰረዘ» በፊደል ቤታቸው ይለያያሉ። ሁለተኛውና የተሻለው፣ የተጨመሩትን መስመሮች በማጉ ቀኝ፣ የተሰረዙትን በግራው ማሳየት ነው። ቃሉ የማይለየውን ቍጥሩ ይለየዋል።

ከዚህ ተነሥቼ ለማንኛውም እንዲህ ያለ ሥራ ሁለት ፈተና አቀርባለሁ። የመጀመሪያው፦ በጣም የተለያዩ ሁለት ታሪኮችን ለአንድ ደንብ ብንሰጠው የሚወጡት ሥዕሎች ለተመልካች ይለያያሉ ወይ? ካልተለያዩ መዝገቡ ሰበብ ብቻ ነበር። ሁለተኛው፦ በጣም የሚመሳሰሉ ሁለት ታሪኮች የሚመሳሰል ሥዕል ይሰጣሉ ወይ? ብዙ ጀማሪዎች የኮሚቱን ባለ 40 ቁምፊ መለያ ወስደው የመጀመሪያዎቹን ስድስት ቁምፊዎች የቀለም ቍጥር ያደርጋሉ። ደማቅና ኅብራዊ ሥዕል ይወጣል። ነገር ግን ያ መለያ ሆን ተብሎ የተሠራው አንዲት ነጥብ ስትለወጥ ሁለንተናው እንዲለወጥ ነው። ስለዚህ ቀለሙ ስለ ሥራው አንዳች አይናገርም፤ ሁለተኛውን ፈተና ይወድቃል። በሰምና ወርቅ ቋንቋ ብንናገር፣ ሰም ብቻ ነው፤ ወርቅ የለውም።

በራሳችን ዘመንና ሰዓት

ጊትሀብ የተባለው ድረ ገጽ የአንድን ሰው የዓመት ሥራ በአረንጓዴ ካሬዎች ያሳያል፤ ሰባት ረድፍ ለሰባቱ ቀናት፣ 53 ያህል ዓምድ ለሳምንቶቹ። ይህ ቅርጽ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ የአንድ አቈጣጠር ቅርጽ ነው። በእኛ አቈጣጠር ብንዘረጋው እያንዳንዳቸው 30 ቀን ያላቸው 12 እኩል ረድፎችና አምስት ወይም ስድስት ቀን ያላት ጳጉሜን ትወጣለች። ሥዕሉ ወዲያውኑ ጥለት ያለው ነጠላ ይመስላል፤ ጳጉሜን ጠርዙ ናት። ሰዓቱንም እንዲሁ ስድስት ሰዓት ብናዛውረው ቀኑ በንጋት ይጀምራል፤ ሌሊት የሚሠራ ሰው ሥራም በሁለት ቀን ተቈርጦ አይታይም፤ በአንዱ ቀን ጫፍ ላይ ተያይዞ ይቀመጣል።

የሰዓት ቀጣናው ከሁሉ ይልቅ ተናጋሪ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የተጻፈ ኮሚት «ሲደመር 3» የሚል ምልክት ይዞ ይመዘገባል፤ ዋሽንግተን የተጻፈው «ሲቀነስ 5» ወይም በበጋቸው «ሲቀነስ 4» ይላል። የግእዝ ፊደልን ወደ ኮምፒውተር ያስገቡት ጥረቶች ጉልህ ክፍል በውጭ አገር በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የተደረገ መሆኑን ታስታውሳላችሁ። ቀጣናዎቹን ሁለት የድር ወገኖች አድርጎ አንድን የጋራ ሥራ መሸመን ይቻላል፤ እዚህ ሲመሽ እዚያ ይቀጥላል፤ ማጉ ከአንዱ ወደ ሌላው ይወረወራል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው አባባል በእንዲህ ያለው ሥዕል ላይ በዐይን ይታያል።

መዝገቡ ሰውን ሲመዝን

እስካሁን ስለ ውበት ተናገርሁ። አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እሻገራለሁ። ሥዕል ይመዝናልና፤ የተመዘነ ሰውም ለሚዛኑ ብሎ ይለወጣል።

ጊትሀብ አንድ ሠራተኛ ሳያቋርጥ ስንት ቀን እንደ ሠራ የሚቈጥር መቍጠሪያ ነበረው። በ2016 አነሣው። ሉካስ ሞልዶን፣ ማርኩስ ሽትሮማየርና ዮሐንስ ቫክስ በ2021 ባሳተሙት ጥናት፣ መቍጠሪያው ከተነሣ በኋላ ረጃጅም ያልተቋረጡ የሥራ ሰንሰለቶች እንደቀነሱ፣ የሰንበት ሥራም እንደቀነሰ አሳይተዋል። እነዚያ ሰዎች ሰንበታቸውን ይሠሩ የነበረው ሥራው ስለ ጠየቀ ብቻ አልነበረም፤ ሥዕሉም ስለ ጠየቀ ነበር። በሌላ በኩል፣ የኮሚት ቀን ጸሐፊው የሚሰጠው በመሆኑ፣ ሰዎች ያለፈ ቀን እየጻፉ በካሬዎቹ ላይ ፊደልና ሥዕል እስከ መሣል ደርሰዋል። እንዲህ ያለውን ገጽ እያየ ሰው የሚቀጥር አሠሪ፣ ጥለቱን አይቶ ሸማኔውን አውቄዋለሁ እንደሚል ገዢ ነው።

ከዚህ የሚከፋው መዝገቡ ጨርሶ የማያየው ሥራ ነው። ጊት የሚያውቀው ቍልፍ የነካውን ሰው ብቻ ነው። ከአንድ ጓደኛው ጋር ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ችግሩን ያስረዳ፣ ትርጉሙን ያረመ፣ «ይህን ባህሪ አትሥሩት፤ ተጠቃሚው አይገባውም» ብሎ የአንድ ወር ድካም ያዳነ ሰው በመዝገቡ ውስጥ የለም። በብራናው መጨረሻ የጸሐፊው ስም ይገኛል፤ ቆዳውን ወጥሮ የፋቀው ሰው ስም ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም። እኔ ለተማሪዎቼ የምሰጠው ደንብ ይህ ነው፦ ጨርቁ ላይ ቀለም የሌለው ድር ይቅር፤ እርሱም በመዝገብ ያልተያዘው ሥራ ነው። ከሥዕሉ ሥር ሠራተኞቹ ራሳቸው የእነዚያን ሰዎች ስም ይጻፉበት።

ሦስተኛው ጉዳይ ፈቃድ ነው። አገራችን በ2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016ን አውጥታለች። የሰው ስም፣ ኢሜይልና በስንት ሰዓት ነቅቶ እንደ ሠራ የሚያሳይ መዝገብ የግል ዳታ ነው። ለሕዝብ ክፍት በሆነ ሥራ ውስጥ መገኘቱ ማንም አንሥቶ ግድግዳ ላይ ይስቀለው ማለት አይደለም። በሌሊት ስድስት ሰዓት የተጻፈ ኮሚት ለሠዓሊው የሚያምር ጥቍር ክር ሊሆን ይችላል፤ ለጻፈው ሰው ግን ምናልባት የታመመ ልጅ ያስታመመበት ሌሊት ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር እናደርጋለን፤ ባለቤቱን እንጠይቃለን፤ ስሙን በፈቃዱ ብቻ እናሳያለን፤ ሥዕሉን ለእርሱ ሳናሳይ ለሌላ አናሳይም።

ይህን የምናገረው ለሶፍትዌር ሠራተኞች ብቻ አይደለም። በ2024 የተጀመረው «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለው አገራዊ መርሐ ግብር ብዙ ወጣቶችን ወደ ኮድ ያስገባል፤ የመጀመሪያ መዝገባቸው እየተጻፈ ያለው አሁን ነው። በዚህ ከተማ ያሉ የማምረቻ መስመሮችም ነገ ከነገ ወዲያ የየራሳቸውን መዝገብ በማሽን ይይዛሉ። ያ መዝገብ ሥዕል ሲሆን ለሠራተኛው መታሰቢያ ይሆናል ወይስ ክስ? መልሱ በኮምፒውተሩ ውስጥ የለም። ደንቡን ማን ይደነግጋል፣ ሥዕሉንስ ማን አስቀድሞ ያያል በሚለው ላይ ነው።

ከታዳሚዎች ከቀረቡ ጥያቄዎች

ጥያቄ (ከተማሪ)፦ ዛሬ ብዙውን ኮድ የሚጽፉልን የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች ሆነዋል። መዝገቡ የማን ታሪክ ሊባል ነው?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። በጊት መልእክት መጨረሻ «ከእገሌ ጋር የተጻፈ» የሚል መስመር የማስገባት ልማድ አስቀድሞም ነበረ፤ አንዳንድ መሣሪያዎች አሁን ስማቸውን በዚያ ያስገባሉ። ስሙ ካለ የራሱን ክር ስጠው፤ ጨርቁ ድብልቅ መሆኑ ይታይ። ስሙ ከተደበቀ ግን ምንም ዓይነት ደንብ አያወጣውም። ሥዕል መዝገቡ ያልያዘውን እውነት መፍጠር አይችልም። ስለዚህ ሐቀኝነቱ የሚጀምረው ከሠዓሊው ሳይሆን መልእክቱን ከምትጽፈው ከአንተ ነው።

ጥያቄ (ከከተማዋ ነዋሪ)፦ አባቴ ሸማኔ ናቸው። ይህ በኮምፒውተር የሚታየው ነገር በእርግጥ በእጅ ሊሸመን ይችላል ወይ?

መልስ፦ ይችላል፤ ግን ደንቡ ለመሸመኛው መገዛት አለበት። ኮምፒውተሩ በሺህ የሚቈጠር ቀለም ያወጣል፤ አባትዎ በእጃቸው ያለው ጥቂት ነው። ኮምፒውተሩ ክሩን በፈለገው ስፍራ ያቋርጠዋል፤ ሸማኔው ግን ክሩ በየት እንደሚዞርና ከኋላ ምን ያህል እንደሚንጠለጠል ያስባል። እኔ የምመክረው ቈጠራውን በወረቀት አውጥቶ ለአባትዎ ማሳየትና «የትኛው አይሆንም?» ብሎ መጠየቅ ነው። አይሆንም ያሉትን ሲያስተካክሉ እርሳቸውም የሥራው ደራሲ ይሆናሉ፤ ስማቸው ሊጻፍ፣ ዋጋቸውም እንደ ሠዓሊ ሊከፈል ይገባል።

ለማጠቃለል፣ ተማሪዎች ከዚህ ስትወጡ ውድ መሣሪያ አያስፈልጋችሁም። የራሳችሁን ሥራ መዝገብ ክፈቱ፤ የመጨረሻዎቹን 30 ኮሚቶች በወረቀት ላይ አውጡ፤ በባለ ካሬ ደብተር ላይ አንድ ደንብ መርጣችሁ በእጃችሁ ቀቡ። ከዚያም ሁለቱን ፈተናዎች አቅርቡለት፤ በመጨረሻም አብሯችሁ ለሠራው ሰው አሳዩትና «እኔ እዚህ ውስጥ አለሁ ወይ?» ብሎ ሲጠይቃችሁ መልስ ይኑራችሁ።